ለውሃው የከፈትኩት ቀዳዳ

ታላቅ ወንድሜ ሰመራ ከተማ ወዳለው ቤቴ ሊኖር ሲመጣ ሁለት ዕቃ ብቻ ይዞ ነበር፤ አንድ የልብስ ቦርሳና አንድ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ትልቅ የመስታወት ገንዳ። ቦርሳውን ራሱ ያዘ። ገንዳውን አራት ሾፌር ጓደኞቹ ከመኪና አውርደው ሲያስገቡለት፣ "ቀስ በሉ! ቀስ!" እያለ ከኋላ ይከተላቸዋል፤ በየሦስት እርምጃው ግን ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ያን ዕለት ያየሁት የገንዳውን ትልቅነት ነው። የእሱን መቆም ልብ ያልኩት ቆይቼ ነው።

ሃያ ሁለት ዓመት የጅቡቲን መስመር ነድቷል። በወጣትነቱ ሳንባውን ቲቢ ይዞት ታክሞ ድኖ ነበር፤ እኛም እሱም ረስተነው ኖርን። በኋላ ትንፋሹ ያጥረው ጀመር፤ መጀመሪያ ጎማ ሲቀይር፣ ቀጥሎ ጋቢና ሲወጣ፣ በመጨረሻም ጫማውን ሲያስር። ሐኪም መሪ እንዳይጨብጥ ከለከለው። ሚስትም ልጅም የለውም። አዋሽ ያለችው ታላቅ እህታችን "እኔ ጋ ይምጣ" ብላ ነበር፤ የእሷ ቤት ግን ልጅ የሞላበትና ሙቀቱ የማይቻል ነው። እኔ ሰመራ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ ብቻዬን ነው የምኖረው፤ አንዱ ክፍሌ ኤሲ አለው። እናም ወደ እኔ መጣ።

ሰመራ ላይ ኤሲ ያለው ክፍል ማለት በርና መስኮቱ የማይከፈት ክፍል ማለት ነው። እዚህ ሆስፒታል የምትከታተለው ሐኪም "ከአቧራ ይጠንቀቁላቸው" ስላለችኝ ደግሞ የመስኮቱን ዙሪያ በፕላስተር ለጠፍኩት፤ ከበሩ ሥር ያለውን ክፍተት በአሮጌ ፎጣ ደፈንኩት። አልጋው በአንድ በኩል፣ ገንዳው ፊት ለፊቱ ሆነ። የባሕር ነገር የሞቀ ውሃ አይወድም፤ ወንድሜም ሙቀት አይችልም። ሁለቱንም በአንድ ኤሲ የማኖራቸው መሰለኝ።

ገንዳው ጅቡቲ ይኖር የነበረ አንድ የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ ለወንድሜ ትቶለት የሄደው ነው። የባሕሩን ውሃ በጀሪካን የሚያመላልስለት የአሳይታ ተወላጅ የሆነ አፋር ሾፌር ነበር፤ የወንድሜ የመንገድ ባልንጀራ። ውሃው ሲሞላ፣ በላያቸው ኮራል የበቀለባቸው ድንጋዮችና ሁለት ነጭ ቀበቶ ያላቸው ብርቱካናማ ዓሦች ገቡበት።

"ይሄ ድንጋይ ነው ወይስ አበባ?" አልኩት።

"እንስሳ ነው። ከውሃው ውስጥ ኖራ እየለቀመ ቤቱን ራሱ ይሠራል።"

"አንተ ደግሞ ይሄን ከየት አወቅከው?"

"ወደብ ላይ ወረፋ ስትጠብቂ ቀኑ አያልቅም። ስልክ ላይ አነባለሁ።" ትንሽ አረፍ ብሎ ትንፋሹን ሰበሰበ። "ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ባሕር ዳር ተመላልሼ ያየሁት ኮንቴነር ነው። አሁን እንኳ ቁጭ ብዬ ልየው።"

በመካከላችን አሥራ አራት ዓመት አለ። እኔ ፊደል ስቆጥር እሱ መንገድ ላይ ነበር። እስከ ዩኒቨርሲቲ ያደረሰኝ እሱ ነው፤ ግን ሁለታችን አንድ ሙሉ ቀን አብረን ውለን አናውቅም። ስለ ሕመሙ ብጠይቀው "ደህና ነኝ" ብሎ ይዘጋዋል። ስለ ገንዳው ስጠይቀው ግን ያወራል፤ ስለዚህ ስለ ገንዳው እጠይቀው ነበር።

ሁለተኛው ወር ላይ ኮራሎቹ መኮማተር ጀመሩ። ቀን ቀን እንደ ጣት የሚዘረጉት ነገሮቻቸው ወደ ውስጥ ገቡ፤ ሐምራዊ የነበረው ገረጣ። ዓሦቹ ደህና ናቸው። ከትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ የአሲድነት መጠን የሚያሳይ የፒኤች መለኪያ ተውሼ ውሃው ውስጥ ነከርኩት። ሰባት ነጥብ ሰባት።

"ስንት መሆን ነበረበት?" አለኝ ከአልጋው ሳይነሳ።

"ስምንት ነጥብ ሁለት አካባቢ። ውሃው ወደ አሲድነት አዘንብሏል። እንዲህ ሲሆን ቤታቸውን መሥራት ያቅታቸዋል።"

"አንቺ አይደለሽ አስተማሪዋ? አስተካክይዋ!"

እንደዚያ ሲለኝ ደስ አለኝ። በሕይወቴ አንድ ነገር ላደርግለት የምችል ሆኜ የተሰማኝ ያን ቀን ነው። ደብተር ገዛሁ፤ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድና ከሰዓት ስመለስ እየለካሁ እጽፋለሁ። መጀመሪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥቂቱ ጨመርኩ፤ ምንም አልተለወጠም። ከቤተ ሙከራ ንጹሕ ኖራ አምጥቼ በውሃ በጥብጬ፣ ሲጠል ከላይ ያለውን ጠብታ በጠብታ አንጠባጠብኩበት፤ ከፍ ይልና በማግስቱ ተመልሶ ይወርዳል። የአየር ፓምፑን አጠነከርኩት፤ አረፋው ገንዳውን ሞላው፤ ቁጥሩ ግን እዚያው ነው። ወንድሜ እንደ ኳስ ጨዋታ ይከታተለኛል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሰላምታ እንኳ ሳይቀድም "ዛሬስ?" ይለኛል።

እሑድ እሑድ ሾፌር ጓደኞቹ ሊጠይቁት ይመጣሉ። ስድስት ሰባት ሆነው በሩን ዘግተው ያን ጠባብ ክፍል ሞልተው ይውላሉ፤ ከአዋሽ እስከ ጅቡቲ ድንበር እስከ ጋላፊ የሆነውን ሁሉ ያወሩለታል። አንድ ሰኞ ጠዋት ደብተሬን ሳገላብጥ ከሁሉ ዝቅ ያለው ቁጥር ሁልጊዜ ከእሑድ በኋላ መሆኑን አየሁ። ክው አልኩ። ይህን እኮ ለዘጠነኛ ክፍል ነው የማስተምረው።

ከገንዳው አንድ ባልዲ ውሃ ቀዳሁና ወደ በረንዳው ጥላ አወጣሁት። ሌላ ትንሽ ፓምፕ አስገባሁበትና ለአንድ ሰዓት ያህል የውጭውን አየር እንዲነፋበት ተውኩት። ወንድሜ በሩ ድረስ መጥቶ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠባበቅ ነበር። ስለካው ስምንት ነጥብ አንድ።

"ወንድም ጋሼ፣ ውሃው ምንም አልሆነም!" አልኩት እየሳቅሁ። "ክፍሉ ነው። የምናስወጣው ትንፋሽ መውጫ እያጣ ተመልሶ ውሃው ውስጥ ይገባል፤ አሲድ የሚያደርገው እሱ ነው። ፓምፑ የሚነፋውም ያንኑ የታፈነ አየር ነው።"

ባልዲውን ትክ ብሎ አየው። "እኔ ነኛ" አለ።

"እኔም አለሁበት። እንግዳውም አለበት።"

"ቀኑን ሙሉ እዚያ ውስጥ የሚተነፍሰው ማነው? በይ መስኮቱን ክፈቺላቸው።"

"አቧራው ላንተ አይሆንም" አልኩት። እውነትም ለእሱ ያሰብኩ መስሎኝ ነበር።

መላ አገኘሁ። መንገድ ዳር ካሉት ጋራዦች አንድ መካኒክ ድሪል ይዞልኝ መጣ፤ ፀሐይ በማይመታው ግድግዳ በኩል ጣት የምታስገባ ቀዳዳ በሳልኝ። በቀዳዳው ቀጭን ቱቦ አሳልፌ ከፓምፑ ጋር አገናኘሁት፤ አየሩን ከውጭ እንዲስብ። በቱቦው ዙሪያ የቀረውን ክፍተት አቧራ እንዳይገባ በሲሊኮን ደፈንኩት። በጥንቃቄ ነው የደፈንኩት፤ ሥራዬን ወድጄው ነበር።

በማግስቱ ሰባት ነጥብ ዘጠኝ ሆነ። በሳምንቱ ስምንት ነጥብ ሁለት። ኮራሎቹ ተከፈቱ። አንድ ቀን ከሰዓት ከሥራ ስመለስ ወንድሜ አልጋው ላይ ቀና ብሎ ተቀምጦ፣ ሁለት ትራስ ከጀርባው አድርጎ፣ ውሃው ውስጥ የሚወዛወዙትን ጣቶች እያየ አገኘሁት።

"እይዋቸው፤ ተነፈሱ" አለኝ። ከዚያ ቱቦውን በአገጩ እያመለከተ፣ "ለእኔም አንድ እንደዚህ ያለ አስገቢልኝ እንጂ" አለ።

ሳቅሁ። እሱም ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ውሃ አቀበልኩት፤ ጀርባውን አሸሁለት። ሳሉ ሲለቀው ደብተሬን ከፍቼ "8.2" ብዬ ጻፍኩ።

ጠዋት ጠዋት ራሱን ይከብደው ነበር። "ጭንቅላቴ ላይ ጆንያ የጫኑብኝ ይመስለኛል" ይላል፤ ማስታገሻ እሰጠዋለሁ። አመሻሽ ላይ ሙቀቱ በረድ ሲል በረንዳ ላይ ሳስቀምጠው ይቀለዋል፤ ወሬው ይታደሳል። ሰው ማየቱ፣ መንገዱን ማየቱ ነው እንዲህ ያደረገው እል ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ አንድ ጠዋት ከንፈሩ ጠቆረብኝ። ጎረቤት ጠርቼ ሆስፒታል አደረስነው፤ ኦክስጅን አደረጉለት። ሁለት ቀን ሙሉ አጠገቡ ነበርኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት የተሻለው መሰለ። ጭምብሉን ከአፉ ከፍ አድርጎ "ሂጂ እንጂ፣ ተማሪዎችሽ ይጠብቁሻል" አለኝ። ፈተና ስለነበራቸው ሄድኩ። አንድ ክፍለ ጊዜ ቆይቼ ስመለስ አንሶላው ፊቱን ሸፍኖት ነበር።

አስከሬኑን አዋሽ ድረስ ያደረሰው ያ የአሳይታው ባልንጀራው ነው። አዳይቱ የምትባለውን የመንገድ ከተማ ስናልፍ "አላህ ይዘንለት፤ እዚህ ጋ ስንት ጊዜ ጎማ አብረን ቀይረናል" አለ። አባታችን የባቡር ሠራተኛ ስለነበር እዚያው አዋሽ ነው ያደግነው፤ አባትና እናታችን ያረፉበት ቤተ ክርስቲያን ቀበርነው። ለቅሶ ተቀምጬ አሥራ ሁለት ቀን ቆየሁ። የቤቴን ቁልፍ ለጎረቤት ሰጥቼ ነበር፤ ግን በመካከሉ መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ ኤሲውም ፓምፑም ቆሞ ኖሯል። ስመለስ ሽታው ከበሩ ተቀበለኝ። ውሃው እንደ እጣቢ ነጥቷል። ዓሦቹ ላይ ላዩን ተንሳፍፈዋል፤ ኮራሎቹ ቀልጠው ነጭ አጥንታቸው ቀርቷል።

ለዚያ አላለቀስኩም። ውሃውን በባልዲ እየቀዳሁ ደፋሁ፤ ድንጋዮቹን አወጣሁ። ገንዳው አጠገብ ደብተሩን አገኘሁትና በእርጥብ እጄ ገለጥኩት። ከገጽ ገጽ ቁጥር ነው። ጠዋት የውሃው ፒኤች፣ ከሰዓት የውሃው ፒኤች፣ የውሃው ሙቀት። ስለ ወንድሜ አንድ ቃል የለበትም። ስንት ጊዜ እንዳሳለው፣ ስንት ጠዋት ራሱን እንዳመመው፣ ከአልጋው እስከ በሩ ሲሄድ ስንቴ እንደቆመ አልጻፍኩም።

እዚያው እርጥቡ ወለል ላይ ተቀመጥኩ። የክፍሉ አየር የታፈነ መሆኑን አውቄ ነበር። ለክቼ፣ በባልዲ ፈትኜ፣ አረጋግጬ ነው ያወቅኩት። ከዚያ ግድግዳ በስቼ ለውሃው ንጹሕ አየር አስገባሁለት፤ ወንድሜን ግን በዚያው በታፈነው ውስጥ ተውኩት። እሱ ደግሞ ነግሮኝ ነበር። ቀልድ አስመስሎ ይሁን ቀልዶ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሳምንት ቆይቼ ሐኪሟን ፈልጌ ሄድኩ። በዕድሜ ከእኔ የምታንስ፣ ዓይኗ በእንቅልፍ ማጣት የቀላ ልጅ ናት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ገንዳውን፣ ፕላስተሩን፣ ቱቦውን። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

"ሳንባቸው አብዛኛው ጠባሳ ነበር" አለችኝ። "መስኮት ቢከፈት ዕድሜያቸውን አይጨምርም። ይህን እንዲያውቁ እፈልጋለሁ።"

"ይቀላቸው ነበር?"

መልስ ከመስጠቷ በፊት እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "ራስ ምታቱ ይሻላቸው ነበር ይሆናል። ጠዋት አቧራ ሳይነሳ ለትንሽ ጊዜ መክፈት ይቻል ነበር። አቧራ ስልዎት ይህንንም አብሬ መናገር ነበረብኝ።"

"አይ፣ እኔ ማወቅ ነበረብኝ" አልኳት። ውጭ ሌላ በሽተኛ እየጠበቀ ስለነበር ተነሳሁ።

ለአርባው አዋሽ ሄድኩ። ሴቶቹ ከሄዱ በኋላ እኔና እህቴ ጓሮ ተቀምጠን የተረፈውን ምስር ስንለቅም፣ ለሌላ ሰው ያልነገርኩትን ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። እንዲያውም ብትቆጣኝ ደስ ይለኝ ነበር።

"እኔ ቤት ቢሆን ኖሮ ደግሞ ሙቀቱ ነው የገደለው እንል ነበር" አለች፤ እጇ ከምስሩ ሳይነሳ።

"እትዬ፣ አየሩ መታፈኑን አውቅ ነበር እኮ ነው የምልሽ።"

"ሰማሁሽ።" ጥቂት ለቀመች። "አንቺ ገና አልተወለድሽም። እሱ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ ከቆመ ፉርጎ ላይ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። ሁለት ቀን ሙሉ በሌላው እጁ እየበላ፣ እየተጫወተ ከእኛ ጋር ዋለ። እማዬ ያወቀችው ልብሱን ልታወልቅለት ስትል ነው። 'ለምን አልተናገርክም?' ብላ ስታለቅስ፣ 'ሥራ በዝቶብሽ ነበር' አላት።"

ያን ጊዜ እህቴ ቀና አለች። ቀብሩም ላይ፣ ለቅሶውም ላይ ከሁላችን የጠነከረችው እሷ ነበረች። አሁን ግን ሰፌዱ ከጭኗ ተንሸራተተ፤ ምስሩ መሬት ላይ ተበተነ። እኔም አልሰበሰብኩትም። አጠገቧ ሄጄ ተቀመጥኩ፤ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጣለች፤ ልጆቿ ከትምህርት ቤት እስኪመለሱ ድረስ እዚያው ቆየን።