ዘሩን የቀቀልሁ ዕለት

ልጅ እያለሁ ከጅብም ከመርፌም አብልጬ የምፈራው አንድ ድስት ነበር። የእድራችን ብረት ድስት። ከቡሬ በላይ ባለው ደጋ፣ በእኛ መንደር፣ ሰው ካልሞተ ያ ድስት ከተደፋበት አይነሣም። ሰው የሞተ ዕለት ግን ባቄላና ስንዴ ተሞልቶ ደጅ ይጣዳል፤ ቀባሪው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ እጁን ታጥቦ ንፍሮውን በእፍኙ ይቀበላል። ትልቅነቱን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ሁለት በሬ ከነቀንበሩ ቢገባበት መዞሪያ አያጣም ነበር። እሺ፣ አንድ በሬ ይሁን። የእድሩን ዕቃ የምትጠብቀው እናቴ ስለነበረች ድስቱ ጓዳችን ጥግ ላይ ተደፍቶ ይኖራል፤ እኔም በአጠገቡ የማልፈው ትንፋሼን ይዤ ነው።

ድስቱን እንዲህ ልፍራው እንጂ ንፍሮ ነፍሴ ነበር። ያን ጊዜ ልጅ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። ብስኩት የሚባል ነገር እንዳለ ቡሬ የደረሰ ሰው ሲያወራ እንሰማለን፤ የእኛ ብስኩት ግን ውሃው ተጠንፍፎ ሰፌድ ላይ የተገለበጠ፣ እንፋሎቱ ፊት የሚመታ ባቄላ ነበር። ዝናብ የነካው አፈር የመሰለ ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ልጣጩን በጥርስ ሰንጥቀን ውስጡን እንመጥና ልጣጩን ማን አርቆ እንደሚተፋ እንወዳደር ነበር። በዚህ ጨዋታ ከመንደሩ ወንዶች ሁሉ እበልጥ ነበር፤ አንዴ የተፋሁት ልጣጭ ወንዝ ተሻግሮ የወደቀ ይመስለኛል። ትምህርት ቤትም ንፍሮ በኪሳችን ይዘን ስለምንሄድ የዚያ ዘመን ደብተሬን ማንም ቢልሰው ጨው ጨው ይለው ነበር።

ችግሩ የእናቴ እፍኝ ነበር። ንፍሮ የምትሰፍርልኝ በእፍኟ ነው፤ የእሷ እፍኝ ደግሞ ከዓመት ዓመት እየጠበበ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። አባቴ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል። ቤቱ ውስጥ የነበርነው እናቴ፣ እኔና የአባቴ አባት፣ አባባ ልየው ብቻ ነበርን። አባባ ከዐቢይ ጾም ጀምሮ ታመው፣ ንስሐ አባታቸው ሁለት ጊዜ መጥተው ተሰናብተዋቸው፣ ሁለቱንም ጊዜ ሳይሞቱ ቀርተዋል። መንደሩ በሙሉ የእሳቸውን ነገር ዛሬ ነገ እያለ ይጠብቅ ነበር። የእናቴ እፍኝ ለምን እንደጠበበ ዛሬ ይገባኛል፤ ያን ጊዜ ግን ሥሥት ነበር የመሰለኝ።

ሰኔ ገባ። የሐዋርያት ጾም ተያዘ፤ ዝናቡም መሬቱን አለሰለሰው። ሰኞ ጎረቤታችን ፈንታሁን በሬዎቹን ይዞ መጥቶ ከቤታችን በታች ያለችውን ቁራሽ መሬት ባቄላ ሊዘራልን ቀጠሮ ነበረን። ቅዳሜ ዕለት እናቴ ጎህ ሳይቀድ ወደ ቡሬ ገበያ ወጣች። ስትወጣም ከማሰሮው አንድ ጣሳ ባቄላ እንድቀቅል፣ ለአባባ ጥርስ እንዳለሰልስላቸው፣ ጨው ደግሞ በስተመጨረሻ እንድጨምር አዘዘችኝ። ባቄላ ጨው ቀድሞ ከነካው ያኮርፋል፤ እስከ ማታ ቢያነዱበትም አይበስልም፤ ይህን በየቀኑ ትነግረኝ ነበር።

ማሰሮውን ባየው ግማሽ ጣሳ እንኳ የማይሞላ፣ ነቀዝ የበሳው ባቄላ ብቻ ቀርቷል። ቀና ስል ጓዳው ማገር ላይ አንድ ስልቻ ተንጠልጥሏል። ስልቻውን የእድሩን ድስት ካልረገጥሁ አልደርስበትም። ሆዴ ከፍርሃቴ በለጠና ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣሁበት። ስልቻውን አውርጄ ብፈታው አፉ ድረስ ባቄላ ነው፤ ያውም አመድ ለብሶ። አመድ የሚነሰነሰው ዘር ነቀዝ እንዳይበላው እንደሆነ ጎጃም በሙሉ ያውቃል። እኔም ሳላውቅ አልቀርም። የዚያን ዕለት ግን ሆዴ ሌላ ነገር አሳሰበኝ፤ እናቴ ባቄላውን ከእኔ ለመደበቅ አመድ ያለበሰችው መሰለኝ። ተበሳጨሁ። ሦስት ጊዜ በውሃ አጠብሁት። አመዱ ሲለቅ ፍሬው ትንንሽ፣ ድቡልቡል፣ ዓይኑ ደግሞ እንደ ኩል ጥቁር ሆኖ ብቅ አለ። ዛሬ ጠግቤ እሞታለሁ አልሁ።

ደረቅ ባቄላ የዋህ ይመስላል። ድስታችንን እስከ አፉ ሞልቼ ጣድሁት፤ ውሃውን ጠጣ፣ ጠጣና አበጠ። ክዳኑን አነሣው። ወደ ሁለተኛ ድስት ቀነስሁለት፤ ሁለተኛውም ሞላ። ወደ ሽሮ ድስታችን አሸጋገርሁት፤ እሱም ተንገፈገፈ። ቤቱን ሞልቶ በመስኮት ሊወጣ ነው ብዬ ሰጋሁ፤ መስኮት እንኳ አልነበረንም። ሰፌድ ላይ ደግሞ ታጥቦ ገና ያልተጣደ ባቄላ አለ። ያን ጊዜ ዓይኔ ከተደፋው ድስት ጋር ተገጣጠመ። አንዴ ረግጬዋለሁ፤ ምን ይመጣል? እያንከባለልሁ ወደ ደጅ አወጣሁት፤ ከግቢው ሦስት ጉልቻ ላይ ጎትቼ አስቀመጥሁት፤ ባቄላውን በሙሉ ገለበጥሁበት። እንጨቱ ዝናብ የመታው ነበርና ጭሱ ዓይኔን አጠፋው፤ እንባዬ እየወረደ ማማሰል ጀመርሁ።

እትዬ አንጓች እንስራዋን አዝላ ከምንጭ ስትመለስ ያየችኝ እንዲህ ሆኜ ነው። ጎረቤታችን ናት፤ ደግ ናት፤ ልቅሶም ታውቃለች። በአገራችን እንዲህ ያለውን ነገር ፊት ለፊት አይጠይቁም። ድስቱን አየች። የቀላውን ዓይኔን አየች። አባባ ተቀምጠው ፀሐይ የሚሞቁበትን ዱካ አየች፤ ባዶ ነው። እንስራዋን ቀስ ብላ አወረደች፤ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፤ ከዚያ የጮኸችው ጩኸት ጅጋ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

እኔም አለቀስሁ። ድስቱን ስላወጣሁት የሆነ ሰው የሞተ መሰለኛ። ለካ ሰው ሲሞት አይደለም የሚወጣው፤ ሲወጣ ነው ሰው የሚሞተው አልሁ በሆዴ። ማን ይሆን እያልሁ አለቅሳለሁ፤ እያለቀስሁም በስሏል አልበሰለም ብዬ አንድ ሁለት ፍሬ እቀምሳለሁ። ወዲያው መንደሩ ጎረፈ። ወንዶቹ አጥሩ ሥር ተደረደሩ፤ ሴቶቹ ደረታቸውን ይመታሉ፤ እትዬ አንጓች የአባባን ደግነት ታወርድ ጀመር። ምኑ ቅጡ። እንግዳ ሳይዙ እህል አይቀምሱም፤ ድምፃቸውን የሰማ ነብር መንገድ ይለቃል። እኔ የማውቃቸው አባባ ድመት ምጣድ ላይ ዘላ ስትወጣ እንኳ ደንግጠው የሚሸሹ ሰው ነበሩ።

አባባ ለካ ከቤቱ ጀርባ ካለው ቀፏቸው ዘንድ ተቀምጠው ንቦቹን ያያሉ። ልቅሶ ሲሰሙ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ በጌሾው መሃል ብቅ አሉና ከወንዶቹ ጫፍ ተቀመጡ። ጎናቸው የነበረው ፈንታሁን አንገቱን ደፍቷል።

«ማን ነው የተለየን?» አሉት ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ዝም ብለህ አልቅስ፤ አያ ልየው ናቸው» አላቸው ቀና ሳይል።

አባባም ደንብ ነውና ትንሽ አለቀሱ። ከዚያ ነገሩ ገባቸው መሰል ጋቢያቸውን ከራሳቸው ገለጥ አድርገው ወደ እትዬ አንጓች ዞሩና፣ «አንች አንጓች፣ ነብሩን ድገሚው እስቲ። እንዲህ የምታሞግሱኝ ከሆነ በየወሩም እሞታለሁ» አሉ። ፈንታሁን ተነሥቶ ሦስት ጊዜ አማተበ። ከዚያ ሳቅ መጣ፤ ከልቅሶው የበለጠ እንባ ያፈሰሰ ሳቅ።

እናቴ የመጣችው በዚህ መሃል ነው።

ከታች ከመንገዱ ስትመጣ ያየችው ሰው የሞላበትን ግቢዋንና የእድሩን ድስት ነው። የገዛችው ጨውና በርበሬ ጭቃው ላይ ወደቀ። ሳቁ ቀጥ አለ። ሮጣ አልመጣችም፤ ቆማ አባባን አየች፤ ከዚያ ዓይኗ በሕዝቡ መሃል እኔን ይፈልግ ጀመር። ሮጬ እግሯ ላይ ተጠመጠምሁ። ራሴን፣ ጆሮዬን፣ ትከሻዬን ዳበሰችኝ፤ ሙሉ መሆኔን የምትቆጥር ይመስል።

ቀጥሎ ወደ ድስቱ ሄደች። አንዲት ፍሬ በሁለት ጣቷ አንሥታ አገላበጠቻት። ጥቁሩን ዓይን አየችው። ወደ ጓዳ ገባች፤ ከዚያ ባዶውን ስልቻ በእጇ ይዛ ወጣች። አለንጋ እጠብቅ ነበር፤ እርግማንም እጠብቅ ነበር። እናቴ ግን ስልቻውን ጭኗ ላይ አድርጋ ከድስቱ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ በጭልፋ አወጣች፤ አንድ እፍኝ በላች። ቀስ ብላ አላመጠች።

«ጨው አንሶታል» አለች። «ጨው ጨምሩበትና ለሰዉ አድሉ።»

ሰው መቼም ንፍሮ አይጠላ። ታደለ፤ ይበላ ጀመር። ነገሩን የተናገሩት አባባ ናቸው። ያ ባቄላ አባቴ አሥር ዓመት ሙሉ በየአዝመራው ጥቁር ዓይኑን እየለቀመ ያበጀው ዘር እንደሆነ፣ ከእሱ እጅ የቀረው ያ ስልቻ ብቻ እንደነበር፣ ከነገ በስቲያም ሊዘራ እንደነበር ተናገሩ። «እናንተማ ምን ታደርጉ፣ የቀረበላችሁን በላችሁ» አሉ። የሁሉም መንጋጋ ባለበት ቆመ። አንድም ሰው መዋጥም መትፋትም አልቻለም። እኔ ከእናቴ ጀርባ ገብቼ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ንፍሮ አስጠላኝ።

እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ እትዬ አንጓች ነጠላዋን ጫፉን ቋጥራ መጣች። ፈታችው። ጥቁር ዓይን ያለው ባቄላ ነው።

«ባልሽ እኮ ነው የሰጠኝ» አለች ለእናቴ። «የእኔን በረዶ የመታው ዓመት። የራስሽ ነው።»

ከእሷ ኋላ ፈንታሁን በባርኔጣው ይዞ መጣ። ሌላው በቁና፣ ሌላው በቅል፣ አንድ አሮጊት በመቀነታቸው ቋጥረው ሰባት ፍሬ። አባቴ ለማን ለማን ሰጥቶ እንደነበር እናቴ እንኳ አታውቅም ነበር። ጨረቃ የመሰለ ነጭ ዓይን ያለውም፣ ትልቅ ትልቅ የሌላ አገር ዘር የመሰለውም መጣ፤ እኔና እናቴ እስኪመሽ ድረስ ጥቁር ዓይኑን ለየን። ስልቻው ሞልቶ አፉ አልታሰር አለ። አባባ ዱካቸው ላይ ሆነው፣ «ዘር የሚቀመጠው በራስ ጎታ አይደለም፣ ልጄ፤ በጎረቤት ጎታ ነው» አሉኝ። ሰኞ ፈንታሁን ዘራልን። አባባም ያን ባቄላ እሸቱን በልተው፣ ደረቁንም በልተው፣ ሦስት ክረምት ጨምረው ነው የሞቱት። ያን ዕለት ድስቱ በሕጉ ወጣ።

አሁን ፍኖተ ሰላም እኖራለሁ። ባቄላ የምቀቅለው በሚያፏጭ ድስት ነው፤ ባጃጅ የሚጠራኝ እየመሰለኝ በየፉጨቱ እደነግጣለሁ። ቶሎ ይበስላል። ሽታው ግን ከድስቱ አይወጣም፤ ቢወጣም የግቢው በር ቆርቆሮ ነው፤ እንኳን ልቅሶ ሊደርስ፣ ሰላም ሊል የሚገባ ሰው የለም። እናቴ መሬት እንደሌለኝ እያወቀች በየሰኔው አንድ ጣሳ ጥቁር ዓይን በአውቶቡስ ትልክልኝ ነበር፤ ሁልጊዜም «አደራ፣ እንዳትቀቅይው» የሚል መልእክት አለው። አምና የላከችው የመጨረሻው ሆነ። ከአጥሩ ሥር ትንሽ ዘራሁ፤ የጎረቤት ዶሮ ለቀመው። ቀሪውን በጠርሙስ አድርጌ መስኮት ላይ አስቀመጥሁት፤ በጥቁር ዓይኑ ሲያፈጥብኝ ከረመ።

ዘንድሮ ሰኔ ሲገባ አባባ ስለ ጎረቤት ጎታ ያሉኝ ትዝ አለኝ። ከግቢያችን ተከራይታ የምትኖር ሜሮን የምትባል ወጣት አለች፤ ቤተሰቦቿ ጅጋ አጠገብ ገበሬዎች ናቸው። ለራሴ አንድ እፍኝ አስቀርቼ የቀረውን ሰጠኋት። ለእናትሽ ላኪላት፣ ደህና ዘር ነው አልኋት። ስልኳን እያየች እሺ እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ አለችኝ።

በማግስቱ የቤቴ በር ተንኳኳ። ሜሮን ናት፤ ሰሃን ይዛለች፤ እንፋሎቱ ገና አልበረደም።

«እትዬ፣ ባቄላዎ እንዴት ይጣፍጣል» አለችኝ። «ብቻዬን ከምበላው ብዬ ነው።»

ሰሃኑ ላይ ያሉት ጥቁር ዓይኖች በሙሉ እኔን ያዩኛል። ዝናብ የነካው የአፈር ሽታ ፊቴን መታው፤ እናቴ፣ ጭሱ፣ ያ ባዶ ስልቻ ተራ በተራ መጡብኝ። ልጅቷ በር ላይ ቆማ ፈገግ ብላ ትጠብቃለች፤ ንፍሮ ይዞ በሬን ያንኳኳ ሰው ካየሁ ስንት ዓመቴ።

ግቢ አልኋት። አጠገቤ አስቀመጥኋት። አንድ እፍኝ ወስጄ ቀስ ብዬ አላመጥሁ።

«ጨው አንሶታል» አልኋት። ተነሥታ ጨው አመጣች።