ገዢው ያላፈረሰው ግድግዳ

አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ ቡታጅራ ባለው ቤታችን ብቻዋን ቀረች። እኔ የማስተምረው ወልቂጤ ነው። ቤቱ ይሸጥና እኔ አጠገብ ትንሽ ቤት እንግዛልሽ ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኳት። እሺ ያለችኝ ፊቷን ወደ ጓሮው አዙራ ነው።

ደላላው የመጀመሪያውን ገዢ ያመጣ ቀን ቀደም ብዬ በር ላይ ያዝኩት።

«ሰውየው ገንዘብ እንዳለው አጣርተሃል?»

«እንዴ እህቴ፣ ቤት ልይ ያለን ሰው የባንክ ደብተርህን አውጣ ልበለው? ሌላ ደላላ ጋ ይሄድብኛል እኮ!»

እናቴ ሰምታን ኖሮ ተቆጣች። «ነውር ነው! እኔ ቤት የመጣ ሰው ኪሱ አይፈተሽም።»

ገዢውን አስገባሁት። ገዢው ጨዋ ሰው ነበር፤ ቤቱንም ከልቡ ወደደው። አባቴ ታሞ የተኛበትን ክፍል ግድግዳ በመዳፉ መታ መታ አደረገና «ይቺ ትፈርሳለች፣ ሳሎኑ ይሰፋል» አለ። ጓሮ ወጥቶ እንሰቱን አየና ደግሞ «እዚህ መኪና ይቆማል» አለ። እናቴ «ይመችህ ልጄ» አለችው። በዋጋው ተስማምተን ውል የምንፈርምበትን ቀን ቆረጥን።

እናቴ በዚያው ሰሞን ቤቷን ተሰናበተች። አባቴ የተከለውን እንሰት መኪና አይሄድበትም ብላ ጎረቤት ጠርታ አስነቀለችው፤ ለቆጮ እንዲሆናቸውም አከፋፈለችው። የአባቴን ፎቶ ከዚያ ግድግዳ ላይ አውርዳ በነጠላ ጠቀለለች። ከዚያ ግድግዳውን ሳመችው። ቆሜ አየኋት።

የውሉ ቀን ገዢው ቀረ። ደላላው ቢደውልለት፣ ባንኩ ብድር ከለከለኝ አለ። ለካ ብድሩን የጠየቀው ቤታችንን ወዶ ከሄደ በኋላ ነው! ደላላው «ያጋጥማል፣ ሌላ አመጣለሁ» አለን። ያጋጥማል! አሁንም ድረስ ያቃጥለኛል። ደላሎች ሰው ቤት ከማስገባታቸው በፊት አቅሙን ይጠይቁ ስል፣ የሌለውን ሰው ማሳፈር ነው የሚሉኝ አሉ። እውነት አላቸው፣ ያሳፍራል። ግን ያን ቀን መንገድ ላይ ቢጠየቅ ኖሮ ለአፍታ አፍሮ ይሄድ ነበር።

እናቴ ሌላ ገዢ ማየት አልፈለገችም፤ ወልቂጤ ነይ ስላትም «ሁለተኛ መሰናበት አልችልም» አለችኝ። ጓሮው ባዶ ነው። ፎቶውን መልሰን እንስቀለው ብላት «የሚፈርስ ግድግዳ ላይ?» አለችኝ። እኔም እዚያ ሳድር ግድግዳውን በመዳፉ የሚመታ ሰው የምሰማ ይመስለኛል። የሞተው አባቴ ነው፤ ገዢው በሕይወት አለ፤ ይሄ ነው የሚገርመኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ሳልነግራት ሄጄ ሳሎን ተቀምጬ እጠብቃት ጀመር። ከገበያ ስትመለስ በሩን በራሷ ቁልፍ ከፈተችው፤ ግን አልገባችም። ዘንቢሏን እንደያዘች ደጁ ላይ ቆማ «ቤቶች!» ብላ ተጣራች።

እኔ መኖሬን አታውቅም። ትንሽ ጠበቀችና ደገመችው፤ «ቤቶች!»

«ግቢ፣ እማ» አልኳት።