የወንድሜን ከበሮ አልቀንስም

ኅዳር ፲፬ ቀን፤ ዕድሜዬ ሰባ ስምንት ዓመት ከአራት ወር።

ወዳጆቼ፣ ዛሬ የመኪናዬ መብራት በወንድሜ ከበሮ ፊት ሳይደበዝዝ ቆመ!

ታናሽ ወንድሜ ነፍሱን ይማረውና መሪጌታ ነበር። በክብረ በዓል ከበሮ ሲመታ የተቀዳ ድምፅ አለኝ። ጆሮዬ እየደከመ ስለ ሄደ፣ ምቱን በደረቴ እንኳ እሰማው ዘንድ በመኪናዬ ትልቅ ስፒከርና አምፕሊፋየር አስገጠምሁ።

ዳሩ ግን ከበሮው በተመታ ቁጥር የፊት መብራቱ ይደበዝዛል፤ ጽፋት የምንለው ፈጣኑ ምት ሲደርስማ ድምፁም ይታፈናል።

ልጄ፣ «አባባ፣ በዚህ ዕድሜዎ ምን አስጨነቀዎ? ይቀንሱት!» አለችኝ።

«የሞተ ሰው ድምፅ አይቀነስም» አልኋት።

ዛሬ አንድ የወረታ ኤሌክትሪሻን ካፓሲተር ጨመረልኝ። ከባትሪው ኃይል አጠራቅሞ፣ ከባድ ምት ሲመጣ በቅጽበት ለአምፕሊፋየሩ የሚያቀብል ዕቃ ነው። (ጎተራ በሉት፤ ለክፉ ቀን ሳይሆን ለከበሮ ቀን።)

ቅጂውን ከፍተን ከበሮው ገና በዝግታ ሲመታ ሰውየው፣ «በቃ ሠርቷል፤ ይሂዱ» አለኝ።

«ጽፋቱ ሳይመጣ ንቅንቅ አልልም!» አልሁት። የከበሮ ፈተናው መጀመሪያው ላይ እንዳልሆነ ማን በነገረው!

ጽፋቱ መጣ። መብራቱ አልደበዘዘም። ወንድሜን ከነሙሉ ጉልበቱ በደረቴ ሰማሁት።

እዚያው ጎን ያሉት ባለሱቁ ሐጂ ከደጃፋቸው ሆነው፣ «መምህር፣ የፎገራን ሩዝ ሳይታጨድ ሊያረግፉት ነው!» ብለው ጮኹ።

«ይርገፍ!» አልኋቸው።

እናንተስ «ቀንሱት» ተብላችሁ እምቢ ያላችሁት የማንን ድምፅ ነው? ጻፉልኝ።

ልጄ አይታ ቃሌን ሳታስለዝበኝ፣ ይህን አሽጌ ልኬላችኋለሁ።