የኤክሌር ቅርጫ

ልጄ ሐያት የደወለችልኝ አውቶቡስ ውስጥ ሳለሁ ነው። ከገበያ ወደ ሰፈሬ ቬርኒየ እየተመለስኩ ነበር፤ ጭኔ ላይ ቆስጣና ቀይ ሽንኩርት የያዘ ፌስታል አስቀምጫለሁ። ሐያት ዙሪክ ነው የተማረችው፤ ስለ ብርሃንና ስለ መስታወት የሚያጠና ትምህርት ነው። ለሰው ላስረዳ ስሞክር ሁልጊዜ አበላሸዋለሁ።

«እማ፣ ሥራ አገኘሁ! ኮንትራቱን ላኩልኝ!»

«አልሐምዱሊላህ!» ብዬ ስጮህ አጠገቤ የተቀመጡት ፖርቱጋላዊት አሮጊት ነገሩ ባይገባቸውም አብረውኝ ሳቁ። ቀጥላ የድርጅቱን ስም ስትነግረኝ ግን የምወርድበት ፌርማታ አለፈኝ።

ስሙን እዚህ አልጽፈውም። የተለያዩ የአውሮፓ አገሮች ተጋግዘው ያቆሙት፣ ዒላማውን እየተከተለ የሚሄድ ሚሳይል የሚሠራ ድርጅት ነው።

«እኔ የምሠራው ዓይኑን ብቻ ነው» አለች ፈጠን ብላ። «ዒላማውን የሚያይበትን መስታወት። ደግሞ ይሄኛው የሚመታው ከሰማይ የሚመጣውን ነው፣ ሰው ላይ እንዳይወድቅ። ለአረፋ እመጣለሁ። አንቺ ሳትመርቂኝ አልፈርምም፣ ዳኮር?»

«ዳኮር» አልኳት። እሺ ማለት በፈረንሳይኛም ቀላል ነው።

ሁለት ፌርማታ ወደ ኋላ በእግሬ ስመለስ ጆሮዬ ላይ የቀረው አንድ ነገር ነበር፤ «ዓይኑን ብቻ።» ይህን አባባል ሐያት ሳትወለድ ከሌላ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ።

ያን ጊዜ ገና ወጣት ነበርኩ፤ ከወሎ ወጥቼ ጄኔቫ ከገባሁ ብዙ አልቆየሁም። ኦ ቪቭ በሚባል ሰፈር የሚገኝ አንድ ምግብ አቅራቢ ድርጅት፣ ድግስ ባለበት ሁሉ ሰማያዊ ሽርጥ አስታጥቆ ይልከን ነበር። ረመዳን መኸር ላይ የገባበት ዓመት ነው። ጠዋት ጠዋት ከሐይቁ የሚነሳው ጭጋግ ከተማውን ይሸፍነዋል፤ ከሰዓት ሲገፈፍ ደግሞ የሚጠበስ የማሮን ሽታ በየመንገዱ ማዕዘን ይጠብቅሃል። ማሮን የምለው እዚህ በወረቀት ጠቅልለው ትኩሱን የሚሸጡትን ቡናማ ፍሬ ነው፤ የአማርኛ ስሙን እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ለጾመኛ ከባድ ሽታ ነው። ኪሴ ውስጥ ያለችውን ቴምር እየዳበስኩ ነበር የማልፈው።

አንድ ቀን ግራንድ ሳኮኔ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ወዳለው ትልቅ የኤግዚቢሽን አዳራሽ ላኩን። ከእኔ ጋር የአዲስ አበባዋ ፀዳለ ነበረች፤ እሷ ክርስቲያን፣ እኔ እስላም፣ ጾማችን ተራ በተራ እየመጣ አንዳችን ሁልጊዜ ሌላዋን የምትጠብቅ ጓደኛሞች። ከኤጀንሲ ለዚያ ቀን ብቻ የተላከች አንዲት ሐበሻ ልጅም ነበረች፤ ሥራው ስለተጣደፈ ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም።

እኛ የደረሰን ቦታ ጣሪያ ላይ ነጭ፣ ረጅም፣ ቀጭን ነገር ተሰቅሏል። ጫፉ ላይ ክብ መስታወት አለው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት ፀዳለን።

«የዝናብ ቧንቧ ነዋ። ለሀብታም ቤት።»

ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ፊደል እየቆጠርኩ ሳነብ ነው ሚሳይል መሆኑ የገባኝ። ወላሂ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት አልነበረም፤ መገረም ነው። ማማሩ ገረመኝ። እንዲህ ያለ ነገር አስቀያሚ መሆን ያለበት ይመስለኝ ነበር።

ጥግ ላይ ካለው ጠረጴዛ አንድ ኢጣሊያዊ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር፤ ክራቫታቸው ላይ የቡና ጠብታ አለ። ትሪዬን ሳቀርብላቸው ቀና ብለው አዩኝ።

«ከጠዋት ጀምሮ አይሻለሁ፤ ውሃ እንኳ አልጠጣሽም።»

«ጾም ነኝ፣ ሙሲዮ።»

«እንግዲያው ፊትሽ መብላት ነውር ነው» ብለው ያነሱትን ኤክሌር መለሱት። ኤክሌር እንደ ጣት ረዘም ያለ፣ ውስጡ ክሬም፣ ላዩ ቸኮላት የሆነ ጣፋጭ ነው።

ጨዋነታቸው አደፋፈረኝ። በተሰባበረ ፈረንሳይኛዬ፣ «ይሄን የተሰቀለውን እርስዎ ነዎት የሠሩት?» አልኳቸው።

«እኔ ዓይኑን ብቻ» አሉና ኤክሌሩን እንደገና አንስተው ሳህን ላይ አጋደሙት። ቢላዋ ይዘው ጫፉን ቆረጡ። «ይሄ ዓይኑ ነው፣ የእኛ ድርሻ። ይሄ ሞተሩ፣ የፈረንሳዮቹ። ክንፉን እንግሊዞች ይሠራሉ፤ ይሄን ደግሞ ጀርመኖች። ድንበር የሚሻገረው ቁራጩ ነው። ቁራጩን ብቻ ብታዪው ምን እንደሆነ አታውቂውም።»

ሳህኑን ሳየው ሳቄ መጣ። «በእኛ አገርም እንዲህ ያለ አለ፤ ቅርጫ ይባላል» አልኩ። ከዚያ ቅርጫን በፈረንሳይኛ ለማስረዳት የታገልኩት ትግል! ለበዓል ጎረቤቶች አዋጥተን በሬ እንገዛለን፣ ይታረዳል፣ ሥጋው በየመደቡ ይደለደላል፣ ዕጣ ይጣላል። ሽማግሌው ቢላዋቸውን አስቀምጠው እንደ ተማሪ ያዳምጡኝ ነበር።

«ግን አንድ ነገር አለ» አልኳቸው። «በሬው የብዙ ቤት ቢሆንም ቢላዋው በአንድ ሰው እጅ ነው። ያ ሰው የአላህን ስም ጠርቶ ነው የሚያርደው። ሆን ብሎ ሳይጠራ ቢያርድ የሁሉም መደብ ሐራም ነው፤ እኔ ቅንጣቢ ብቻ ነው የደረሰኝ ማለት የለም። የእናንተን ማን ነው የሚያርደው?»

ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም። ዓይናቸው በራ።

«እስቲ እኔም ልጠይቅሽ። ቢላዋውን የቀጠቀጠው ሰውዬስ? እሱስ አለበት?»

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። «ቀጥቃጩ ማጭድም ማረሻም ይሠራል» አልኩ ካሰብኩ በኋላ። «ቢላዋም ቢሆን ሽንኩርት ይከትፋል።»

«ይሄ ግን ሽንኩርት አይከትፍም» አሉ ወደ ጣሪያው እያዩ፤ ለራሳቸው የሚያወሩ ይመስሉ ነበር። ከዚያ አጠገባቸው ያለውን ወንበር ሳቡልኝ። «ቁጭ በይ። ማን እንደሚያርደው ልንገርሽ።»

አስተናጋጅ እንግዳ መሐል አትቀመጥም። ወንበሩን እያየሁ ሳመነታ የኃላፊያችን ድምፅ መጣ፤ «ዘሐራ! ብርጭቆ! ቶሎ!» አንድ ትልቅ እንግዳ ደርሰው ኖሯል። ትሪዬን ይዤ ሮጥኩ። ዞር ብዬ ሳይ ያቺ ከኤጀንሲ የተላከችው ልጅ በእኔ ቦታ ቆማ ቡና ትቀዳላቸዋለች፤ ሽማግሌው እጃቸውን እያወናጨፉ ይናገራሉ። ስመለስ ወንበሩ ባዶ ነበር፣ ሳህኑም ተነሥቷል።

ማታ በአውቶቡስ ስንመለስ ቴምሬን ከፀዳለ ጋር ተካፍለን ነገሩን ስነግራት ከት ብላ ሳቀች።

«አንቺ ዘሐራ! የእናንተና የእኛ ቅርጫ እንኳ እስከ ዛሬ አንድ ላይ አልሆነም፤ እነዚህ በምን ተስማሙ?» አለች። ከዚያ ረጋ ብላ፣ «ያቺ ልጅ ግን ሰምታለች መሰለኝ። ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ደርቃ ቆማ አየኋት» አለችኝ።

ልጅቷን ሁለተኛ አላገኘኋትም። ኑሮም ቀጠለ፤ ሐያት ተወለደች፣ ጥያቄው ተኛ።

አሁን ነቅቷል። የምንማርበትን መስጊድ ኡስታዝ ጠየቅኳቸው፤ «ሥራውን በደንብ መርምሩት፣ ለማንና ለምን እንደሚውል እወቁ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ግን ከውጭ ሆኖ እንዴት ይመረመራል? ከሰማይ የሚወርድ ነገር ምን እንደሚያደርግ ወሎ ያሉ ዘመዶቼ በስልክ ነግረውኛል። ያን የሚያስቆም ነገር ቢኖር ኖሮ፣ ሠሪውን እጁን ስሜ በመረቅሁት። ግን ያንኑ ከሰማይ የሚወርደውን የሠራውም ሰው፣ «እኔ ዓይኑን ብቻ» ብሎ ይሆናል። ሁለቱን ሐሳብ እኩል ይዤ እተኛለሁ፣ እኩል ይዤ እነሣለሁ። ልጄን ያለ ምርቃት መላክ አልችልም። ሳላውቅ መመረቅም የቢላዋውን ያህል ያስፈራኛል።

ስለዚህ ያን ቀን ግራንድ ሳኮኔ የነበራችሁ፣ በተለይ አንቺ ማንቆርቆሪያ ይዘሽ በእኔ ቦታ የቆምሽው እህቴ፣ ይህ ጽሑፍ ከደረሰሽ አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ሽማግሌው በሕይወት መኖራቸውን አላውቅም። እሳቸው ግን ከውስጥ ሆነው የሚያውቁትን ሊናገሩ ነበር። ፈረንሳይኛሽ እንደ እኔ የተሰባበረ ቢሆንም ግድ የለም፤ ግማሹም ይበቃኛል። ማን ነው የሚያርደው አሉ? ንገሪኝ። ልጄ ለአረፋ ትመጣለች።