ሽንኩርት የማይገባበት ሰላጣ

ኦዜላ ፕሩዊትን በደንብ አውቃታለሁ ማለት ይከብደኛል። ሠላሳ ዓመት በአንድ ቤተ ክርስቲያን ጸልየናል፤ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። በደንብ የማውቀው ሳህኗን ነው። በእኛ የጆርጂያ መንደር ሰው ሲሞት ሴቶቹ ምግብ ሠርተው ይመጣሉ፤ ሳህናቸው እንዳይጠፋም ከሥሩ ፕላስተር ለጥፈው ስማቸውን ይጽፉበታል። ሁልጊዜ ከሁሉም ቀድሞ ባዶ የሚሆነው ሥሩ ላይ «ኦዜላ» የሚል ያለበት ነበር። የዶሮ ሰላጣዋን የሚያህል አልነበረም።

ዌንደል ክራብትሪ በተቀበረ ዕለት ግን ኦዜላ አርፋ መቀመጥ አቃታት።

ፓስተሩ ይሰብካል፤ እሷ በወረቀት ማራገቢያዋ ፊቷን እያራገበች ሳህኗን ታስባለች። ይህ ስህተት የማንም ሊሆን ይችል ነበር፣ የእሷ ግን አይሆንም። የመንደሩን ሙሽሮች ሁሉ «ዶሮው ከዋዜማው ይቀቀል» እያለች ያስተማረች እሷ ናት። «ሥጋውን ከአጥንቱ ለይታችሁ ሰፊ ትሪ ላይ በትኑት። በደንብ ሳይቀዘቅዝ ማዮኔዝ እንዳይነካው። ትኩሱን ጥልቅ ሳህን ውስጥ ከጠቀጠቃችሁት ላዩ ይቀዘቅዛል፣ መሃሉ ግን ይበላሻል።»

ትናንት ዶሮዎቹን ልትቀቅል አስባ በረንዳ ላይ ቁጭ ባለችበት መሸ። ለምን እንደዚያ እንደሆነች ለራሷም አልነገረችም። ዛሬ ጠዋት ተጣድፋ ቀቀለች፤ ጣቷ እየተቃጠለ ሥጋውን ለያየች፤ ለወሰችና ጠቅጥቃ እዚህ የቤተ ክርስቲያኑ ወጥ ቤት፣ ሴቶች ሲከፍቱና ሲዘጉት ባረፈደው አሮጌ ፍሪጅ ውስጥ አስገባችው። ዌንደል ከመሞቱ በፊት ለሚስቱ ለቨርዲ «በቀብሬ ቀን የኦዜላ ሰላጣ ከጠረጴዛው እንዳይጠፋ» ብሎ ነበር። ባታመጣው የሟችን ቃል ማፍረስ ሆነባት። ብታመጣው ደግሞ...

ማራገቢያዋን ወንበሩ ላይ ጥላ ተነሣች።

በሩ ላይ የምእመናን አስተናጋጁ ሮስኮ ቆሟል። «እህት ኦዜላ፣ ስብከቱ ሳያልቅ ወዴት ነው? ሆድሽ ጠራሽ እንዴ?» አላት በሹክሹክታ።

«እኔን ያሳሰበኝ ያንተ ሆድ ነው። ዞር በል!»

ወጥ ቤት ገብታ ክዳኑን ከፈተች። ላዩ ቀዝቅዟል፤ ያምራል። ማንኪያ እስከ ሥሩ ሰደደችና አውጥታ በእጇ ጀርባ ነካችው። ለብ ብሏል። አሸተተችው፤ ምንም የለውም። እሱ ነው የባሰ የሚያናድደው። ማንም አያውቅም፤ ዝም ብትል ይበላል። ሳህኑን ዘጋች፣ መልሳ ከፈተች፣ እስከ መስኮቱ ሄዳ ተመለሰች። የውጭው መዝሙር ወደ መቃብሩ እየራቀ ሲሄድ ሁሉንም ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ገለበጠችው።

ከቀብር መልስ ቨርዲ ውሃ ፍለጋ ገባች። «መቃብሩ ጋ አጣሁሽ» አለች። ቀጥላም ባዶውን ሳህን አየች። «ምነው፣ ሳንቀምሰው አለቀ?»

«ጣልኩት።»

«ምኑን?»

«መሃሉ ለብ ብሎ ነበር። በዚህ ሙቀት ስልሳ ሰው አልመርዝም።»

ቨርዲ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከዚያ ሳቋ አመለጣት። «ዌንደል ቢሰማ ከሣጥኑ ብድግ ይል ነበር!»

«አትሳቂብኝ እባክሽ። ያንን ሁሉ ሰው በምን ዓይኔ አየዋለሁ?»

«ስሚኝ፣ ጥፋት ተናዝዘሽ አትሙቺብኝ፤ ለዛሬ አንድ ቀብር ይበቃኛል።» ጥቁር ጓንቷን አውልቃ ፍሪጁን ከፈተች። «እህቴ ትናንት የጠበሰችው ዶሮ አለ። በረዶ ሆኗል። ነይ፣ አንድ ሳህን የሚሆን አናጣም።»

ሁለቱ መበለቶች፣ የድሮዋ ኦዜላና የዛሬዋ ቨርዲ፣ ጎን ለጎን ቆመው ሥጋውን ይለያዩ ጀመር። ኦዜላ ሴለሪ የሚባለውን አትክልት ከተፈች፤ ከሌላ ሰው ድስት አራት የተቀቀለ እንቁላል ሰረቀች፤ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ኪያር ጨመረች። እጇ ሥራ ሲያገኝ ልቧ ትንሽ ረጋ። ቨርዲ ከቅርጫቱ ሽንኩርት አነሣችና ቢላዋ ያዘች።

ኦዜላ እጇን ያዝ አደረገቻት። «ሽንኩርት አታስገቢ።»

«ለምን? ሰው ሁሉ ይወዳል።»

«የኔ ሰላጣ ውስጥ አይገባም።»

«ያንቺ ሰላጣ!» ብላ ቨርዲ ልትቀልድ አፏን ከፈተች፤ ቀልዱ ግን አልወጣም። ሽንኩርቱን መዳፏ ላይ እንደያዘች ቆመች። «በዚህ መንደር ሽንኩርት የማይበላ አንድ ሰው ነበር። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ለብቻው ነበር የማበስልለት። አሁን አፈር አልብሼው መጣሁ።»

ኦዜላ ማማሰሏን አላቆመችም።

«ኦዜላ» አለች ቨርዲ ቀስ ብላ፤ «ያለ ሽንኩርት መሥራት የጀመርሽው መቼ ነው?»

ኦዜላ ማንኪያውን በሳህኑ ጠርዝ ላይ አራገፈች። ቀና አላለችም።

«ክዳኑን አቀብዪኝ» አለች፤ «እስኪቀርብ ፍሪጅ ይግባ።»