ሁለት ጠባቂ የቆመለት ኮምፒውተር

መሪጌታ ታዲዮስ ቀናተኛ ነው ሲባል የሰማ ሁሉ ይስቃል። እኔ ግን ግድግዳ ተጋርተን ስለምንኖር አልስቅም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ እንደሱ በሚስቱ የሚቀና ሰው አላየሁም። ፍቅርአዲስ ገበያ ደርሳ ስትመለስ ከሽንኩርት ሻጩ ጋር ምን እንደተባባለች ሳይቀር ይጠይቃታል። እሷም "ስንት ነው አልኩት፤ ተወደደ አልኩት፤ በቃ" ትልና ሽንኩርቷን መክተፍ ትጀምራለች። እውነቱን ልናገርና እኔ በዚህ ነገር ስቀናባት ኖሬያለሁ። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን እንኳ "የት ዋልሽ?" ብሎኝ አያውቅም።

ታዲዮስ የደብረ ኤልያስ ልጅ ነው። አባቱ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል በክታብ የታወቁ ነበሩ፤ ለመጋኛው ለብቻ፣ ለቡዳው ለብቻ፣ ለዓይነ ጥላው ለብቻ ይጽፉ ነበር። ልጁም ቅኔውን ተምሮ ከተማ ገባ። እሑድና በዓል ማኅሌት ይቆማል፤ በሌላው ቀን ጓዳው ውስጥ ብራና ዘርግቶ የአባቱን ሥራ ይሠራል። ቄሶቹ እንደማይወዱለት ስለሚያውቅ በሩን ዘግቶ ነው የሚጽፈው። ከአባቱ የወረሰው አንድ የማይሻር ሕግ አለው፤ አዲሱ ክታብ ሳይታሰር አሮጌው አይፈታም። በመሐሉ አንገቱ ለአፍታ ባዶ የቀረ ሰው አለቀለት፤ ክፉው የሚጠብቀው ያቺኑ አፍታ ነው ይላል።

ፍቅርአዲስ ደግሞ ጸሐፊ ናት። ዩኒቨርሲቲው ከተከፈተ ወዲህ የተማሪዎቹን የመመረቂያ ጽሑፍ እየጻፈች ቤቷን ትደጉማለች። በ2001 ዓ.ም. የራሷን ኮምፒውተር ገዛች፤ ሳሎኑ ጥግ ላይ ዳንቴል አልብሳ አስቀመጠችው። ተማሪ ሁሉ ፍላሹን ይዞ ይመጣል፤ ከፍላሹ ጋር ቫይረሱም ይመጣል። አንድ ቀን ጠዋት ስትከፍተው ጽሑፎቹ በሙሉ ጠፍተው ጠበቋት።

ያኔ ነው አበረ የመጣው። አበረ መናኸሪያው አጠገብ ኢንተርኔት ቤት ያለው፣ ሠላሳ ያልሞላው፣ ትሑት ሰው ነው። የጠፋውን መለሰላትና በነጻ የሚገኝ አንቲቫይረስ ጫነላት። ምልክቱ አረንጓዴ ጋሻ ስለሆነ "ጋሻው" እንለው ነበር። ጋሻው ግን በየሳምንቱ ካልታደሰ አዲስ የመጣውን ቫይረስ አያውቀውም። ቤት ውስጥ ኢንተርኔት የለም። ስለዚህ አበረ ማደሻውን በፍላሽ ቀድቶ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይመጣል፣ ያድሳል፣ ይሄዳል።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ለታዲዮስ ሰንበት መሆኑ ቀረ። አበረ ሲመጣ እሱ ወንበሩን ከኮምፒውተሩ ጎን ስቦ ይቀመጣል፤ ዓይኑን ከሰውዬው እጅ ላይ አያነሳም። ሲወጣ "ዛሬ አሥራ ሰባት ደቂቃ ቆየ፤ ባለፈው አሥራ ሁለት ነበር" ይለኛል። አንድ ቀን ፍቅርአዲስ አበረ በተናገረው ነገር ሳቀችና ታዲዮስ ያን ቀን እራት አልበላም። ቅናት ብቻም አልነበረም፤ ሙያውም ተነክቶበት ነበር። አጥሩን ተደግፎ "እትዬ ሥራነሽ፣ የሰውን ቤት የምጠብቅ እኔ ነኝ፤ የኔን ቤት የሚጠብቅ ሌላ ወንድ ሆነ" አለኝ። አሳዘነኝ። ደግሞም ቀናሁ፤ ለኔ እራቱን የተወ ሰው የለም።

እንግዲህ አንቲቫይረስ መምረጥ ጀመረ። ፍቅርአዲስ ወጥ ቤት ስትገባ ጠብቆ ተማሪዎቹን ይጠይቃል። አንዱ እንትናው ይሻላል፣ ግን ከባድ ነው፣ ኮምፒውተር ያንቀራፍፋል ይለዋል፤ ሌላው ካልተከፈለበት ሁሉም ከንቱ ነው ይለዋል። ይቅለል ይክበድ፣ ይያዝ ይልቀቅ፣ ለታዲዮስ ግድ አይሰጠውም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ሰው ሳይመጣ የሚሠራ አለ ወይ? ለደብሩ ጉዳይ ባሕር ዳር ሲላክ ከአንድ ሲዲ ሻጭ ዘንድ የልቡን አገኘ። ቀይ ቁልፍ የተሳለበት ነው፤ አንዴ ከተጫነ ዓመት ሙሉ ማንም አይነካውም ተባለ። ሻጩ አንድ ምክር ጨመረለት። መጀመሪያ የድሮውን አጥፋ፣ ከዚያ ይሄን ጫን አለው።

ቅዳሜ ጠዋት ፍቅርአዲስ ለቅሶ ልትደርስ ወጣች። ታዲዮስ ኮምፒውተሩን ከፈተ። ሲዲው የት እንደሚገባ፣ የቱ እንደሚነካ ማንም አላስተማረውም፤ ስንት ቅዳሜ የአበረን እጅ ሲጠብቅ ተምሮታል። ቁልፉን ጫነ። ጋሻውን ግን አላጠፋም። አዲሱ ሳይታሰር አሮጌው አይፈታማ። ከታሰረም በኋላ ሁለት ቢሆን ምን ይጎዳል? የአባቱ ደንበኞች ሦስት አራት ክታብ ባንገታቸው ይዘው ዕድሜ ልካቸውን ኖረዋል። ከዚያ በር ላይ ቆሞ ጠበቀና አበረ ሲመጣ ከእንግዲህ አትድከም ብሎ መለሰው።

ፍቅርአዲስ ስትመለስ ትሕትና የምትባል የመርጡለ ማርያም ልጅ እየጠበቀቻት ነበር። የመመረቂያ ጽሑፏን ሰኞ ጠዋት ማስረከብ አለባት፤ ጽሑፉ ያለው እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ተከፈተ። ቁልፉ ጋሻውን አደገኛ ነው ብሎ ያዘው፤ ጋሻውም ቁልፉን ያዘው። ከዚያ ሁሉም ቀጥ አለ። አጥፍታ ስታበራው ጭራሽ አልነሳ አለ። ትሕትና ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። አባቷ በሬ ሸጦ ነው ያስተማራት።

"ማን ነካው?" አለች ፍቅርአዲስ።

ታዲዮስ መዋሸት አልቻለም። "እኔ ነኝ። እንዲጠብቅ ብዬ ነው።"

"ኮምፒውተሩን ነው እኔን?"

ማሽኑን በጋቢ ጠቅልላ ጀርባው ላይ አሳዘለችውና ወደ መናኸሪያው ወሰደችው። እኔም ገመዱን ልያዝላችሁ ብዬ ከትሕትና ጋር ተከተልኩ፤ ወሬው እንዳያመልጠኝ ነበር። የገበያ ቀን ነው፤ የሚያውቀው ሁሉ "መሪጌታ ምን አዝለዋል?" ይለዋል። እሱ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል።

አበረ ቅድም ከበር የተመለሰ ሰው አይመስልም፤ ተነስቶ ወንበር ሰጠን። ሁለት ሰዓት ያህል ለፋ። በመጨረሻ የትሕትና ጽሑፍ ወጣ፤ ልጅቱ የአበረን እጅ ልትስም ቃጣት። ታዲዮስ ሰውዬው ክፉ ቢሆንለት ይመርጥ ነበር፤ ፊቱ ላይ ይታያል።

"መሪጌታ" አለው አበረ ቀስ ብሎ፣ "አንድ በር ላይ የማይተዋወቁ ሁለት ዘበኞች አቁመው እኮ ነው። እርስ በርስ ሌባ ተባባሉ። አንዱን ማንሳት አለብኝ። የትኛውን ላስቀር?"

ታዲዮስ የትኛው እንደሚሻል ጠየቀ። አበረም የባሕር ዳሩ ያለ ፈቃድ የተቀዳ እንደሆነ፣ ዓመት ሙሉ ማንም የማይነካው የሚታደስበት መንገድ ስለሌለው እንደሆነ፣ ቫይረሱ ግን በየሳምንቱ አዲስ እንደሚወለድ ሳይኮራበት አስረዳው። ትሕትና አየችው። ፍቅርአዲስ አየችው። ላቡን ጠረገ።

"ያንተን አስቀር" አለ።

እኔ ነገሩ እዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ፍቅርአዲስ ግን ወደ ባሏ ዞረች። "ከእንግዲህ አበረ እኛ ቤት አይመጣም፤ እንደፈለግከው። ቅዳሜ ቅዳሜ ፍላሹን ይዤ እዚህ የምመጣው እኔ ነኝ። እቤትህ መጥቶ ዓይንህ እያየ አላመንክም። በዳግም ትንሣኤ ሳያዩ የሚያምኑ ብፁዓን ናቸው እያልክ የምታዜመው አንተ አይደለህ? እስቲ ሳታይ እመነኝ።"

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ቤቱ ውስጥ አሥራ ሰባት ደቂቃ የበዛበት ሰው አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሰዓት ተኩል በር ላይ ቆሞ መንገድ ያያል።

እሱም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በሳምንቱ ከቆዳ ትንሽ ማኅደር ሰፋና ክታብ ጽፎ ከተተባት። በዚያው ክር ላይ ፍላሹን አንጠልጥሎ ፍቅርአዲስ አንገት ላይ አሰረው። እዚያ ቤት ስትገቢ ከአንገትሽ እንዳታወልቂው ብሎ ለመናት። እሷም ስቃ እሺ አለችው።

በሦስተኛው ቅዳሜ፣ እሷ ከወጣች በኋላ፣ ፊቱ አመድ መስሎ አጥሩ ጋ መጣ።

"እትዬ ሥራነሽ፣ ፍላሽ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ከአንገት ይወልቃል እንዴ?"

ፍቅርአዲስ ይህን ከሱ ቀድማ አስባበታለች። ባለፈው ቅዳሜ አሳይታኛለች፤ ክሩን ክንድ ያህል አስረዝማዋለች። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች ጎንበስ ብላ ፍላሹን ትሰካለች፤ ክታቡ ከአንገቷ አይወርድም። "ቃል ገብቼለታለሁ" ነው ያለችኝ። ለሱ ግን አልነገረችውም፤ ሳያይ ይመነኝ ብላለቻ።

መልሱ አፌ ላይ ነበር። ታዲዮስ አጥሩን በሁለት እጁ ጨብጦ ዓይን ዓይኔን ያያል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንደዚያ ሆኖ ስለኔ ሰው የጠየቀ ወንድ አልነበረም።

"ይወልቃል" አልኩት።