ጉዳዩ፦ ፈቃድ ስለመጠየቅ

ታፈሰ ወረቀት የማያውቀውን ነገር አያምንም። አሜሪካ ከመምጣቱ በፊት ኮምቦልቻ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል፤ ገቢ ደብዳቤ ሲመዘግብ፣ ወጪ ደብዳቤ ላይ ቁጥር ሲጽፍ፣ ፋይል ከመደርደሪያ ሲያወርድና ሲመልስ። ከዚያ ሥራ ይዞት የወጣው እምነት አንድ ነው፦ ቁጥርና ፊርማ የሌለው ነገር አልተደረገም። በደርግ ጊዜ ሰው ከከተማ ወደ ከተማ ለመሄድ እንኳ የቀበሌ ወረቀት ይጠየቅ ስለነበር እምነቱ ከሜዳ የበቀለ አይደለም። ችግሩ አሜሪካ፣ ኧርቪንግ ከተማ ድረስ ይዞት መምጣቱ ነው።

ኧርቪንግ ውስጥ ሥራው ኤርፖርት አጠገብ ላለ ሆቴል ሻትል መንዳት ነው። እንግዳ ያመላልሳል፣ ሻንጣ ያነሳል፣ ሻንጣ ያወርዳል። የሚወደው ሥራ ግን ሌላ ነበር። አዲሰን በምትባል ጎረቤት ከተማ ቢሮ ያለው አንድ ካምፓኒ ገዢ መስለው በየሱቁና በየምግብ ቤቱ እየገቡ አሠራሩን የሚታዘቡ ሰዎች ይቀጥራል፤ ሚስትሪ ሾፐር ይሏቸዋል። ታፈሰ ቅዳሜ ቅዳሜ ሌዊስቪል ጫማ ቤት ገብቶ ጫማ ይለካል፣ ወይም አዲሰን ምግብ ቤት ገብቶ ስቴክ ያዛል፤ ከዚያ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ቅጹን ይሞላል። አስተናጋጁ በስንት ደቂቃ መጣ? ፈገግ አለ? ስሙን ተናገረ? ሌላው አንድ ገጽ በሚሞላበት ታፈሰ አራት ገጽ ይጽፋል፤ የመጸዳጃ ቤቱ ሳሙና ማለቁና በስተግራ ያለው አምፖል መቃጠሉ ሳይቀር። ሳምንቱን ሙሉ ሻንጣ ሲሸከም የከረመ ሰው ቅዳሜ ዳኛ ይሆናል። ይህ ደስ ይለው ነበር፤ ማንንስ ደስ አይለውም?

በፈረንጆቹ 1997 መስከረም ላይ ካምፓኒው ውስጥ ሥራ የምትሰጠው ሴት ዶና ደወለችለት። ለአክስቱ ልጅ ለዊንታ ሰርግ ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ እንደሚሄድ ነግሯት ነበርና እግረ መንገዱን የሚሠራው አግኝታለታለች። ካሊፎርኒያ አምና ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ማሪዋና በሐኪም ፈቃድ ለሕመምተኛ እንዲሰጥ አድርጓል። እዚያ ያለ አንድ መሸጫ ቤት ሠራተኞቹ የሐኪም ወረቀት ሳያዩ ለማንም እንደማይሸጡ ማረጋገጥ ይፈልጋል። የታፈሰ ሥራ ያለ ወረቀት ገብቶ «ሽጡልኝ» ማለት ነው። እንቢ ካሉት ቤቱ ፈተናውን አለፈ።

«ከሸጡልኝስ?» አለ ታፈሰ።

«ደረሰኝህን ይዘህ ትወጣና ትጽፋለህ።»

«ዕቃውንስ?»

«እሱን እንግዲህ ትጥለዋለህ» አለችው። ቀጥላም ይህን በደንብ ከሠራላት ከጥር ጀምሮ አዲሰን ቢሮ ወንበርና ጠረጴዛ ሰጥታው የሌሎቹን ሪፖርት እንደሚያርም ነገረችው።

ታፈሰ ጠረጴዛ ሲባል ልቡ ይሸነፋል። ቢሆንም ነገሩን አገላብጦ ሲያየው አልጥም አለው። እንቢ ካሉት ምንም የለም። ከሸጡለት ግን ቤቱ ወደቀ፣ እሱም ዕፅ የገዛ ሰው ሆነ። የካሊፎርኒያ ሕግ የሚፈቅደው ለታመመ ነው፤ ታፈሰ ደግሞ ከወገብ ሕመም በቀር ጤነኛ ነው። የፌዴራሉ ሕግ ለታመመም ለዳነም አይፈቅድም። ሌሎች ሲሳሳቱ ወንጀለኛ የሚሆነው እሱ ነው ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የሚያስጨንቀው በአንድ ምክንያት ነበር። የዜግነት ማመልከቻው ኢሚግሬሽን ገብቶ ቀጠሮ እየጠበቀ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ሄዶ ተዋበችን አግብቷታል፤ አምስት ሳምንት አብረው ቆይተው ተመለሰ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሚስቱን ለማምጣት ወረፋ ይይዛል፣ ወረፋውም ዓመታት ይፈጃል። ዜጋ የሆነ ሰው ግን ያን ወረፋ አይጠብቅም። ተዋበች ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ልጅ ትፈልጋለች፣ እሱም ይፈልጋል። ስለዚህ ዜግነት ማለት ለታፈሰ ተዋበች ማለት ነው። የዜግነቱ ፎርም ላይ ደግሞ ሳትያዝ የፈጸምከው ወንጀል አለ ወይ የሚል ጥያቄ አለ። ታፈሰ ውሸት አይሆንለትም፤ ጆሮው ይግላል፣ ምላሱ ይተሳሰራል።

መጀመሪያ አብሮት የሚኖረውን የታክሲ ሾፌር ጥዑመልሳንን አማከረው።

«ታፌ፣ ሶ ምን ችግር አለው? ገብተህ አስክ አድርገህ ትወጣለህ» አለው ጥዑመልሳን ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል። «ኢሚግሬሽን ሳን ሆዜ ድረስ ፎሎው አያደርግህም።»

«ፎርሙ ላይ ሲጠይቁኝስ?»

«ኖ የምትለዋ ላይ ቼክ ታደርጋለህ። ማለቴ፣ ለምን ታካብዳለህ?»

ሁለተኛ የጠየቃት ዓለምጌጥን ነው። ዓለምጌጥ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ናት፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይገናኛሉ። እሷም ቁም ነገሬ ብላ አለቃዋን ጠይቃ በሳምንቱ መልስ አመጣችለት።

«ሎየሩ አትሂድ ብሏል። ኦኬ? በቃ።»

«በጽሑፍ ይሰጠኛል?»

«ምኑን?»

«አትሂድ ማለቱን።»

«ታፌ፣ አትሂድ የሚል ወረቀት ምን ያደርግልሃል? ዝም ብለህ አትሂድ።»

መልሱን እኮ አገኘ። በነጻ፣ ያውም ከሚያውቅ ሰው። ሌላው ቢሆን እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ዶናን እንቢ ይላታል፣ ታሪኩም እዚህ ያበቃል። ለታፈሰ ግን በአፍ የተነገረ ነገር ነፋስ ነው። ለኢሚግሬሽን ደወለ፤ ሃምሳ ደቂቃ ሙዚቃ አሰምተው አንዱን ቁጥር ተጫን፣ ሁለቱን ቁጥር ተጫን ሲሉት ቆይተው መልሰው ከመጀመሪያው ጣሉት። በማግስቱም ደወለ፤ ያው ሙዚቃ ነው። ካሊፎርኒያ ላለ አንድ የመንግሥት ቢሮ ደወለ፤ የሕግ ምክር አንሰጥም አሉት። ዶናን መልሶ ጠየቃት።

«ውሉ ላይ ተጽፏል» አለችው። «ሠራተኛው ሕግ አክብሮ ይሠራል ይላል።»

«የትኛውን ሕግ?»

«ሁሉንም።»

«የካሊፎርኒያውና የፌዴራሉ ከተጣሉስ?»

«ታፈሰ፣ ሌላ መስመር ላይ ሰው አለብኝ» ብላ ዘጋችው።

ስልኩን አስቀመጠ። አንድ ቀላል ጥያቄ ነው የጠየቀው፤ ይቻላል ወይስ አይቻልም። በዚህ ሁሉ ቢሮና በዚህ ሁሉ ኮምፒውተር መካከል አዎ ወይም አይ ብሎ የሚፈርም አንድ ሰው ይጠፋል? ኮምቦልቻ ቢሆን ሰውየው ክፉም ይሁን ደግ ቢያንስ «አልተፈቀደም» ብሎ ማህተሙን ይመታ ነበር። በዚህ ንዴት ነው የጽሕፈት መኪናውን ከአልጋው ሥር ያወጣው።

ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ይጻፍ እንጂ አካሉ የኮምቦልቻ ነው። ከላይ በስተቀኝ ቁጥር ታ/01/97 እና ቀን። መካከል ላይ፣ ከሥሩ ተሰምሮበት፣ «ጉዳዩ፦ ፈቃድ ስለመጠየቅ»። ከዚያ ስሙ እስከ አያቱ፣ የግሪን ካርዱ ቁጥር፣ አድራሻው፣ የማሪዋናው ቤት ስምና አድራሻ፣ የሚሄድበት ቀንና ሰዓት። «ስለሆነም በተጠቀሰው ቀን ማሪዋና ለመግዛት መሞከር የሚፈቀድልኝ ወይም የማይፈቀድልኝ መሆኑ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።» ከታች ግልባጭ፣ ለካምፓኒውና ለጠበቃው ቢሮ። ተቀባዩ ፈርሞ በሚረከብበት ፖስታ ለኢሚግሬሽን ላከው። የተፈረመባት ካርድ በሳምንቱ ስትመለስለት እፎይ አለ፤ ቀዳዳ አበጅቶ ፋይል ውስጥ አኖራት።

መልስ ግን አልመጣም። የመጣው የዶና ስልክ ነበር፤ ያን ቀን ድምፅዋ ሌላ ነው። የደንበኛን ስም ለማንም ላለመናገር ፈርሞ ነበር፤ እሱ ግን የደንበኛውን ስምና አድራሻ ለፌዴራል መንግሥት ጽፎ፣ ይባስ ብሎ ግልባጩን ለራሷ ለዶና ልኮላታል። ሥራውም ጠረጴዛውም በአንድ ስልክ ሄዱ። እሑድ ዓለምጌጥ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ አግኝታው «ሎየሩ ይሄ ሰውዬ ማነው እያለኝ ነው፤ ምን ልበለው?» አለችው። ታፈሰ ሰርጉ ላይ ተገኘ፣ ጨፈረ፣ ዊንታን ስሞ መረቀ። ማሪዋና ቤቱ ያለበትን መንገድ ግን አልረገጠም። ፈቃድ አልመጣማ።

ከዚያ በኋላ ወራት ጠበቀ። ለተዋበች በየሳምንቱ ይደውላል፤ «ደረሰ?» ትለዋለች፣ «ገና ነው» ይላታል። የጣት አሻራው ጊዜው አልፏል ተብሎ እንደገና ሰጠ። በሰኔ ቀጠሮው መጣ።

የገዛውን አዲስ ከረባት አስሮ፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ ተቀምጦ ጠብቆ ገባ። የኢሚግሬሽን መርማሪዋ ዕድሜዋ የገፋ፣ ትሑት ሴት ናት። የአሜሪካን ታሪክ ጥያቄ ሁሉ መለሰ። እንግሊዝኛውን ጻፈ። ብዕሯን አንሥታ ልትፈርም ነው ሲል ፋይሉን ገለጥ አድርጋ አንድ ወረቀት አየች፤ ብዕሯንም አስቀመጠች።

«ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?»

ታ/01/97 ነው። ታፈሰ መጀመሪያ የተሰማው፣ ይቅር ይበለው፣ ደስታ ነበር። ደብዳቤው ደርሷል። በትክክለኛው ፋይል፣ በትክክለኛው ቦታ፣ ሳይታጠፍ ተቀምጧል። ቀጥሎ ግን ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ብዕር አየ።

«ገዛህ?»

«አልገዛሁም።»

«ሄደህ ነበር?»

«አልሄድኩም።»

«ታዲያ ለምን ጻፍክ?»

«ከተፈቀደ ልሄድ፣ ካልተፈቀደ ልቀር ነው።»

መርማሪዋ ግንባሯን አሸት አሸት አደረገች። «እኔ አምንሃለሁ» አለችው። «ግን ወረቀቱ ፋይሉ ውስጥ ነው። ፋይል ውስጥ ያለውን እንዳላየሁ ሆኜ መፈረም አልችልም።»

ታፈሰ ሊከራከራት አልቻለም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለባለጉዳይ ሲለው የኖረው ይህንኑ ነው። ሥራውን እንዳልሠራ ካምፓኒው በደብዳቤ ያረጋግጥ አለችው፤ እስከዚያ ውሳኔ መስጠት አይቻልም የሚል ወረቀት ቀንና ማህተም መትታ ሰጠችው። ዘጠኝ ወር የለመነው ማህተም ይኸው መጣለት።

ታች ካለው የሕዝብ ስልክ ለዶና ደወለላት። ስለዚያ ቤት በጽሑፍ ምንም እንዳይወጣ የካምፓኒው ጠበቃ ከልክሏል አለችው፤ የክልከላውም ምክንያት የእሱ ደብዳቤ ነው። ቢለምናትም፣ የሚስቴ ጉዳይ ነው ቢላትም፣ አዝናለሁ ከማለት አላለፈችም። የስልክ ካርዱን አወጣ። አዲስ አበባ ሁለት ሰዓት ምሽት ነው፤ ተዋበች ገና በመጀመሪያው ጥሪ አነሳችው።

«እህ፣ አለፍክ?»

አላለፍኩም፣ አልወደቅኩምም ብሎ ጀመረ። ከዚያ ከዶና ስልክ አንሥቶ እስከ ማህተሙ አንድም ሳያስቀር ነገራት። ስትሰማው የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር።

«ምንም ሳታደርግ ነው?» አለችው።

«ምንም ሳላደርግ።»

«ምንም ያላደረገ ሰው ሄዶ በራሱ ላይ ይጽፋል?»

«ፈቃድ ነው የጠየቅኩት፣ ተዋበች።»

«መቼ ነው የጻፍከው?»

«መስከረም ላይ።»

«ዘጠኝ ወር» አለች። «የዊንታን ሰርግ ነግረኸኛል። ጥዑመልሳን እንዳኮረፈህ ሳይቀር ነግረኸኛል። በየሳምንቱ ደረሰ ስልህ ገና ነው ትለኝ ነበር። እኔ እኮ ሠላሳ ዘጠኝ ሞላኝ፣ ታፈሰ።»

«እንዳትጨነቂ ብዬ ነው።»

ካርዱ አንድ ደቂቃ እንደቀረው የምትናገር፣ ድምፅዋ የተቀዳ ሴትዮ መካከላቸው ገባች። ተዋበች እስክትጨርስ ጠበቀቻት።

«ግልባጩን ለማን ለማን ነበር ያደረግከው?» አለችው።

ታፈሰ በተጠየቀበት ቅደም ተከተል መልስ መስጠት የለመደ ሰው ነውና መለሰላት። «ለካምፓኒው። ለጠበቃው ቢሮ።»

«የእኔስ?»

በደብዳቤው ላይ ያለው ቃል ሁሉ በልቡ ነበር፣ ከቁጥሩ እስከ ፊርማው፤ የእሷ ስም ግን አንድም ቦታ የለም። እሷ ስልኩን አልዘጋችም፤ እሱ ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች በልቡ ደግሞ ሲያነብ የቀረችው ደቂቃ አለቀች።